ክቡር ሾፌሩ ሰው ጭነዋል

በየቤተሰቡ አንድ መርማሪ አለ። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ነቅነቅ አድርጎ ያየዋል። ወተት ከመቅዳቱ በፊት ያሸታል። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ስትገቡ «ያምራል» ከማለቱ በፊት አስወልቆ፣ ገልብጦ፣ ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ወረቀት ከሰጣችሁት ፊቱንም ጀርባውንም ያነባል። እንዲህ ያለው ሰው በአጎትነትም፣ በአማትነትም፣ በጎረቤትነትም ይገኛል፤ በአባትነት የደረሰበት ሰው ግን ወዴት ይሸሻል፣ ችሎ ይኖራል።

ታሪኳን የምነግራችሁ ልጅ አባት እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድተዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም መንገደኛ ጭረት አልነካውም፤ ይህንንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ። ጡረታ ሲወጡ አውቶቡሱ መናኸሪያ ቀረ፣ ሾፌርነቱ ግን አብሯቸው ቤት ገባ። የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀቡ። የግድግዳውን ሰዓት አስተካከሉ፣ የተስተካከለውንም በማግስቱ እንደገና አስተካከሉ። እናት ሱቅ ደርሰው ሲመለሱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁና ስንት ደቂቃ እንደዘገዩ ይነግሯቸው ጀመር። በሁለተኛው ወር እናት ልጃቸውን አስጠርተው ነገሩን ባጭሩ አስረዷት።

«ወይ ለአባትሽ ሥራ ፈልጊለት፣ ወይ ለእኔ ቤት ፈልጊልኝ።»

ልጅቱ ፕሮግራመር ናት። የምትሠራው ከአንድ ጎማ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ጠረጴዛና አንድ የማይዘጋ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ነው። ድርጅቱ አውሮፕላን ማብረርን በኮምፒውተር የሚያለማምድ ፕሮግራም ይሠራል። የእሷ ድርሻ ማረፊያው ነው፤ ጎማው መሬት ሲነካ፣ ፍሬኑ ሲይዝ፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ያ ሁሉ ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ያን ሰሞን ፕሮግራሙ ለገበያ ሳይወጣ የሙከራ ቅጂውን በየቤታቸው እያበረሩ እንከኑን ነቅሰው የሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጉ ነበር። ልጅቱም ዕድሜ ልኳን የማትረሳውን ስህተት ያኔ ሠራች። አባቷን መዘገበች።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንም ሳይጠይቃቸው እንከን ሲያወጡ ኖረዋል። አሁን አንድ ድርጅት፣ ያውም ማኅተም ያለው ድርጅት፣ «እባክዎ ያገኙትን እንከን ሁሉ ይጻፉልን» ብሎ ደብዳቤ ላከላቸው። ደብዳቤውን አሳትመው ከግድግዳው ሰዓት ሥር ለጠፉት። የልብ ልብ ተሰማቸው።

ፈታኞቹ የሚመዘገቡት በቅጽል ስም ነው። ሌላው «ንስር» ተባለ፣ ሌላው «መብረቅ» ተባለ። እሳቸው «ሾፌሩ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የድሮ የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆልፈው፣ ከመኝታ ቤት ወደ ምግብ ጠረጴዛው «ሥራ ይገባሉ»። ርቀቱ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ድርጅቱ ለማብረሪያ የላከላቸው መሪ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በብሎን ስለታሰረ ቤተሰቡ በቀረው ጫፍ ይበላል። አውሮፕላኑ በማረፍ ላይ እያለ በስክሪኑ ፊት ማለፍ ክልክል ነው። አንድ ጎረቤት መዶሻ ሊዋስ መጥቶ ግማሽ ሰዓት በር ላይ ቆሟል፣ ማኮብኮቢያው ጭጋግ ነበረበትና። እናትም በመጀመሪያው ሳምንት «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ነበር የምሰማው፣ እኔ ደግሞ ባል አለኝ በሰማይ ልበል?» እያሉ ለጎረቤት አሙዋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከሾፌሩ ኋላ ወንበር አስቀምጠው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መቀመጥ ጀመሩ። መስኮት አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም አሉ፤ ወንበሩም ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

የመጀመሪያው ሪፖርት ለድርጅቱ የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሻይ እየጠጣ ጮክ ብሎ አነበበው። «አውሮፕላኑን ከማስነሳቴ በፊት ወርጄ ጎማውን በእግሬ ልመታው ፈልጌ ነበር። መውረጃ አላገኘሁም። ጎማውን ያልመታ ሾፌር እንዴት መንገድ ይጀምራል? ከአክብሮት ጋር፣ ሾፌሩ።» ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ልጅቱ አባቴ ነው ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳቁ ቀደማት። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ወር አለፈ፤ እሷም አብራ መሳቅ ለመደች።

ደግሞም ያስቃሉ። በአራተኛው ሪፖርት አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት አረንጓዴ ሻርፕ የለበሱ መንገደኛ ሴትዮ አውሮፕላኑ ከተነሳ ጀምሮ ዓይናቸውን እንዳልጨፈኑ ሾፌሩ ገለጹ፤ አሟቸው እንደሆነ እንዲጣራ ጠየቁ። በስድስተኛው፣ በተርሚናሉ መስታወት ውስጥ ሻንጣ ይዞ የቆመ አንድ ሰው ስላዩ መነሻ ሰዓቱን ሃያ አምስት ደቂቃ እንዳዘገዩለት፣ ሰውየው ግን እንዳልመጣ በቅሬታ አሳወቁ። ሰውየው ሥዕል ነው፤ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የተሳለ። በአሥራ ሁለተኛው ክላክስ እንዲገጠም አመለከቱ። በአሥራ ሦስተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው ለምን መልስ እንዳላገኘ ጠየቁ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ግን ከሰባተኛው ተራ ነው። ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ፈታኝ አሥራ ሁለት ተራ ያለው የሥራ ዝርዝር ይልካል። ሰባተኛው «አውሮፕላኑን ሆን ብለው ከመሬት ጋር ያጋጩና ፕሮግራሙ በትክክል መዘጋቱን ያረጋግጡ» ይላል። «ንስር» አራት ጊዜ አጋጨ። «መብረቅ» ከስሙም ሊሆን ይችላል፣ አሥራ አንድ ጊዜ። የክቡር ሾፌሩ ዝርዝር አሥራ አንዱ ተራ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ፣ በሰባተኛው ትይዩ ሁለት ቃል ብቻ ሰፍሮበት መጣ። «ሰው ጭኛለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ የተማረና ትዕግሥተኛ ሰው ነው። መንገደኞቹ እውነተኛ ሰዎች እንዳልሆኑ፣ ሥዕል ብቻ እንደሆኑ በትሕትና ጻፈላቸው። መልሱ በዚያው ቀን ደረሰው። ሥዕል ከሆኑ የመንገደኛ ብዛት በሚለው ሰንጠረዥ ላይ መቶ አርባ ሁለት ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ ይገለጽልኝ የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ቀን ሲያስብ ዋለ። በማግስቱ የመንገደኛውን ቁጥር ዜሮ አድርገው ባዶውን እንዲያጋጩት መከራቸው። ባዶውን አስነሱ፣ አንድ ሰዓት ዞሩ፣ በሰላም አሳረፉትና እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ «ረዳቱን ያውርዱት አላላችሁኝም።»

በዚህ መሐል ቀኑ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት አንድ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ፕሮግራሙን አይቶ ይግዛ አይግዛ ሊወስን ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ የፈታኞቹን ዝርዝር ሙሉ አድርጎ ለእንግዶቹ ማሳየት አለበት፤ አንድ ባዶ ተራ ዓይን ይወጋል፣ ሾፌሩ ከተሰናበቱ ግን ዝርዝራቸውም አብሮ ይወጣል። ሰኞ ዕለት ወደ ልጅቱ ጠረጴዛ መጣና የሾፌሩ ሪፖርት በአብዛኛው ስለ ጎማና ስለ ፍሬን በመሆኑ፣ ደብዳቤም እሷ ስለምታሳምር፣ በክብር እንድታሰናብታቸው ነገራት። እሷም እሺ አለች። ምን ነክቷት እሺ እንዳለች ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ጠየቀች። እሳቸው በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ከሥራ ያልተባረሩ ሰው ናቸው፤ ከምግብ ጠረጴዛ የምታባርራቸው ደግሞ ገዛ ልጃቸው ልትሆን ነው።

በኢሜይል ልላከው ብላ አሰበች፤ እጇ እምቢ አላት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን በቦርሳዋ ይዛ ቤት ሄደች።

ስትገባ አባት መሪው ፊት ጃኬታቸውን ቆልፈው፣ እናት ከኋላ በመስኮቱ ወገን ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አውሮፕላኑ አርፎ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ አንዳች የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር የመጣሁት» አለች።

አባት ሳይዞሩ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰዎቹ ይውረዱና።»

ሌላው ፈታኝ ሁሉ አውሮፕላኑ እንደቆመ ፕሮግራሙን ዘግቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ፕሮግራሙን የሠሩትም፣ እሷም ጭምር፣ ከቆመ በኋላ ተቀምጠው አያውቁም፤ የቆመ ነገር ምን ይታያል? ክቡር ሾፌሩ ግን የመጨረሻው መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ እስኪወርድ ከመሪ ተነስተው አያውቁም። መቶ አርባ ሁለት ሰው ለማውረድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከአውቶቡስ ልምዳቸው አስልተው፣ ለአሮጊትና ለሕፃን ጨምረውበት፣ ሃያ ደቂቃ መድበውለታል። ልጅቱ ተንፍሳ ወንበር ሳበች። ሦስቱም የቆመ አውሮፕላን እያዩ ተቀመጡ።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ከፊት ጎማው ሥር ያለው ቢጫ መስመር ሸሸ። በመጀመሪያ ዓይኗ መሰላት። ቀጥሎ መስመሩ ከጎማው ሥር ሙሉ በሙሉ ወጣ። የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ ነው፣ መብራቱም በርቷል፤ አውሮፕላኑ ግን ቀስ እያለ ወደ ኋላ፣ ወደ ተርሚናሉ መስታወት፣ ሻንጣ ይዞ ወደቆመው ሰውዬ እየሄደ ነው። ልጅቱ ወዲያው የሐሙሱን እንግዶች አሰበች። ሐሙስ ዕለት የዝግጅቱ አካሄድ ይኸው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ አውሮፕላኑን ያሳርፋል፣ በትልቁ ስክሪን ላይ እንዲታይ አቁሞት ይተወዋል፣ ከዚያ ከእንግዶቹ ጋር ግማሽ ሰዓት ያወራል።

«ይኼ ነገር መቼ ጀመረ?» አለች።

«እኔ ካየሁት ስድስት ሳምንቱ ነው። ጽፌያለሁ።»

«ለማን?»

«ለፍሬን ኃላፊዋ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱም ‹ስህተት አይደለም› ተብሎ ተመለሰ።» አሁንም አልዞሩም። ፍሬኑን ለቀቁት፣ መልሰው ያዙት፣ አውሮፕላኑ ቆመ።

ልጅቱ አስታወሰች። አንድ ሥራ የበዛበት ዓርብ ከሾፌሩ የመጡ አሥራ ዘጠኝ ሪፖርቶች ተከምረው ጠበቋት። የላይኛው ስለ ክላክስ ነበር። ሁለተኛው ስለ ዝናብ መጥረጊያው። ሌሎቹን ሳትከፍታቸው አሥራ ዘጠኙንም «ስህተት አይደለም» ብላ ዘግታ ምሳዋን በላች። ከዚያ በኋላ የሾፌሩን ስም ባየች ቁጥር እጇ ራሱ ይዘጋው ነበር።

«አባዬ፣ ፍሬኑ የእኔ መሆኑን ታውቃለህ?»

«አጣሁት? ልጅ ሆነሽም ብስክሌትሽን ዳገት ላይ አቁመሽ ትገቢ ነበር። ስንቴ ከታች አጥር ሥር አንስቼ አምጥቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለሥራ አስኪያጁ አልጻፍክም? እሱ ቢያየው በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።»

አባት አሁን ዞሩ። የሚመልሱት ነገር ራሱን በራሱ የሚያስረዳ ስለመሰላቸው ትንሽ ግራ የተጋቡ ይመስሉ ነበር።

«በገዛ እጄ አንቺን ላስጠይቅ? ሰው ጭኛለሁ አልኩ እኮ።»

እናት ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቱ ነገር ሲከብዳት ወደ ሥራ መሸሽ ልማዷ ነው። ወረቀት ፍለጋ ቦርሳዋን በረበረች፣ እጇ የገባውን አወጣች፣ አባቷ የመዘገቡትን ሰዓትና ደቂቃ ሁሉ ከጀርባው ላይ ጻፈች። ስድስት ሳምንት ሙሉ መዝግበውታል፤ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ አንድም ቀን አሥር አልሆነም፣ አንድም ቀን አሥራ ሁለት አልሆነም። ስትጨርስ ቁጥሩን በትክክል መጻፏን እንዲያዩላት ሰጠቻቸው።

እሳቸው ደግሞ ወረቀት ሲሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉ ከላይ ተነግሯል። ገለበጡት።

ልጅቱ ልትነጥቃቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን ማንበብ ጀምረው ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ከፈታኞች ዝርዝር መሰረዛቸውን የሚገልጸውን ደብዳቤ ከአናቱ እስከ ፊርማው አነበቡ። ፊርማው የልጃቸው ነበር። ከዚያ የጃኬታቸውን የላይኛ ቁልፍ ፈቱ። ያንን ቁልፍ በሥራ ሰዓት ሲፈቱት እናትም ልጅም አይተው አያውቁም።

«ቀን አልተጻፈበትም» አሉ። «ቀን የሌለው ደብዳቤ አይጸናም።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። «ለማንኛውም ፍሬኑ እስኪስተካከል ልቆይ። ከዚያ ቀኑን ትጽፊበታለሽ።»

ልጅቱ እዚያው አለቀሰች። አባቷ ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቁ የተቀመጠችበትን ወንበር እግር ነቅነቅ አድርገው አዩት።

ረቡዕ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ፣ የማይዘጋው መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ፍሬኑ በአሥራ አንድ ደቂቃ እንደሚለቅ ተናገረች። ሦስት ጊዜ ተጽፎላት ሳታነብ የዘጋችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። ሾፌሩ አባቷ እንደሆኑም ተናገረች። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወር ሙሉ በሻይ ሰዓት የሳቀውን ሳቅ በሐሳቡ እየቆጠረ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ የሽማግሌ ሾፌር ድምፅ አስመስሎ ሁሉ አንብቧል፤ እሱን አስታውሶ ጆሮው ቀላ።

ስህተቱ አንድ መስመር ነበር። ምሳ ሳይደርስ አስተካከለችውና አዲሱን ቅጂ ይዛ ቤት ሮጠች። አባት አስነሱት፣ አሳረፉት፣ አቆሙት። ሦስቱ እንደገና ተቀመጡ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ መጣ፣ ሄደ። ሃያው መጣ፣ ሄደ። በአርባኛው ደቂቃ እናት «ሰዎቹ እኮ ወርደው ቤታቸው ገብተዋል፣ እኛም እንውረድ» አሉና ቦርሳቸውን ይዘው ተነሱ። አባት ቢጫውን መስመር በጣታቸው ነክተው የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉ።

ሐሙስ ዕለት አውሮፕላኑ በትልቁ ስክሪን ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ቆመ። ንቅንቅ አላለም። ከእንግዶቹ አንድም ሰው አላስተዋለውም፤ የያዘ ፍሬን ማን ያመሰግነዋል? ማሠልጠኛው ግን ፕሮግራሙን ወሰደው።

የሰባተኛው ተራ ባዶነት ግን አሁንም ሥራ አስኪያጁን አልተወውም። ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊት ልጅቱን ጠርቶ፣ የአባቷን ቦታ እሷ እንድትሞላው አዘዘ። ምን ችግር አለው ብላ ተቀመጠች። መቶ አርባ ሁለቱን ጭና አስነሳች፣ ከፍ አለች፣ አፍንጫውን ወደ መሬት መለሰች። መሬቱ እየቀረበ መጣ። በመሐል አንድ ሞኝ ነገር አደረገች፤ ወደ ኋላ ዞራ ረድፎቹን አየች። አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ የለበሱት ሴትዮ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ትክ ብለው ያዩዋታል። መሪውን ወደ ራሷ ሳበች። ካሳረፈች በኋላ ሰዎቹ እስኪወርዱ ሃያ ደቂቃ ጠብቃ፣ በሰባተኛው ተራ ትይዩ ሁለት ቃል ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ፣ የአባት ልጅ ብሎ፣ አውሮፕላኑን ራሱ ሊያጋጭ ተቀመጠ፤ አሥር ደቂቃ ዞሮ አሳርፎት ተነሳ። በመጨረሻ ያጋጨው ምድር ቤት ያለው ጎማ ሻጭ ነው። ሦስት ጊዜ አጋጭቶ በጣም ተደስቶ ወረደ።

ፕሮግራሙ ከወጣ ወር አልፎታል፤ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ በልጅቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ክቡር ሾፌሩም በሁለት ሰዓት ሥራ ይገባሉ። በአዲሱ ቅጂ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ጎማ በእግር መምታት ይቻላል። ማን እንደጨመረው ድርጅቱ ውስጥ ማንም አይጠይቅም። የአሥራ አንደኛው ረድፍ ሴትዮም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ለእሱ ልጅቱ ሁለት ቀን አምሽታለች።

ትናንት መቶ አሥራ ስምንተኛው ሪፖርት ደረሳት። «ጎማው ደህና ነው፣ የግራው ትንሽ ነፋስ ይጨመርለት። አረንጓዴ ሻርፕ የለበሱት ሴትዮ አሁን ዓይናቸውን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባሉ። የተለዩት ሰው ያለ ይመስለኛል። ዘወር ብዬ አይዞዎት፣ እንደርሳለን ብያቸዋለሁ፤ ግን የሰሙኝ አልመሰለኝም። ይታይልኝ። ከአክብሮት ጋር፣ ሾፌሩ።»

ልጅቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «ስህተት ነው፣ ይታያል» የሚለውን ተጫነችና ሥራ ጀመረች።